አንዱ ስልክ የሚከፍተውን ቪዲዮ ሌላው እምቢ የሚለው ለምንድን ነው? ማን ከማን ጋር ነው የተጣላው?

ሚሞሪ ጫኝ (ደብረ ብርሃን)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሚሞሪ ላይ ዘፈን፣ መዝሙር፣ ፊልም እጭናለሁ፣ የሰርግ ቪዲዮም እገለብጣለሁ። ቅዳሜ ገበያ ሲቆም ከመንዝም ከአንኮበርም የሚመጣ ደንበኛ አለኝ።

ችግሬ እንዲህ ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ በውድ ስልኩ ሰርጉን ይቀርጻል። እሱ ስልክ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። እኔ ሚሞሪ ላይ ገልብጬ ለሙሽሪት እናት ስሰጣቸው ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ ግን ጥቁር ነው። ወይ ደሞ «ይህን ፋይል ማጫወት አይቻልም» ይላል። አንዳንዱ ይከፈትና የሙሽሪት ፊት ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ሴትየዋ ደሞ የሚያዩት እኔን ነው፤ «ልጄ ምን አረከው?» ይሉኛል። ምንም አላረኩትም! ፊልም ላይ ደሞ የዚህ ግልባጭ ያጋጥመኛል፣ ምስሉ ይሄዳል ድምፅ የለም።

ጥያቄዬ እነዚህ ካምፓኒዎች ለምን አንድ ነገር ላይ አይስማሙም ነው። ድሮ በኖኪያ ጊዜ 3ጂፒ አድርገህ ከጫንክ አለቀ። ከዛ ኢንተርኔት በከፈትን ቁጥር «ፍላሽ ፕሌየር ጫን» ይል ነበር፣ እሱም ጠፋ። አሁን ደሞ ይሄ መጣ። የሚያውቅ ቢያስረዳኝ፣ ለደንበኞቼም የምነግራቸው ነገር ባገኝ።

ጣርማበር፦

ወንድሜ ፋይሉን አንተ አላበላሸኸውም። የፋይሉ ዓይነት አንድ ነገር ነው፣ ኤምፒ4 ወይ ሞቭ የሚለው። ቪዲዮው የታመቀበት መንገድ ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ኮዴክ ይሉታል። ሁለት ፋይል ስማቸው ኤምፒ4 ሆኖ ውስጣቸው ሊለያይ ይችላል።

ያ ውድ ስልክ አይፎን ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። አፕል በ2017 አይኦኤስ 11ን ሲያወጣ ከአይፎን 7 ጀምሮ ያሉትን ካሜራዎች ኤች.265 ወደሚባለው ኮዴክ አዞራቸው። ከድሮው ኤች.264 በጣም ያነሰ ቦታ ይይዛል፣ እስከ ግማሽ ድረስ ሊቆጥብ ይችላል። ለባለስልኩ አሪፍ ነው። ለመክፈት ግን ፕሮሰሰሩ ውስጥ ለዚሁ ተብሎ የተሰራ ክፍል ቢኖር ነው የሚሻለው። ርካሹ ስልክ ያ ክፍል ከሌለው፣ ወይ ቢኖረውም ለ4ኬ (በጣም ከፍተኛ የምስል ጥራት) የማይበቃ ከሆነ፣ በሶፍትዌር ሊታገለው ይሞክራል። ይቆራረጣል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ጥቁር ያሳይሃል። የነጣው ፊት ደሞ ኤችዲአር ነው፣ ብርሃንና ቀለምን በሰፊው የሚይዝ አቀራረጽ። አይፎን 12 በ2020 ሲመጣ ዶልቢ ቪዥን በሚባል የኤችዲአር ዓይነት መቅረጽ ተጀመረ፣ ይህን የማያውቅ ስልክ ላይ ስታጫውተው ቀለሙ እንዲያ ይገረጣል።

ለምን አይስማሙም ላልከው መልሱ ገንዘብ ነው። እነዚህ ኮዴኮች ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አላቸው፣ ስልክ ሰሪው ይከፍላል። ለኤች.264 አብዛኛውን ክፍያ የሚሰበስብ ኤምፔግ ኤልኤ የሚባል አንድ ድርጅት ነበር፣ እዛ ከከፈልክ ብዙው አለቀ። ለኤች.265 ግን ባለፓተንቶቹ ተከፋፈሉና ሰብሳቢው በዛ፤ ለአንድ ኮዴክ እዚህም ክፈል እዛም ክፈል ሆነ፣ ከየትኛውም ያልገባና ለብቻው የሚጠይቅም አለ። ይሄ የመረራቸው እነ ጉግል፣ ሞዚላ፣ ኔትፍሊክስና ማይክሮሶፍት በ2015 ማህበር አቋቋሙና በ2018 ኤቪ1 የሚባል አባላቱ የፓተንት ክፍያ የማይጠይቁበት ኮዴክ አወጡ። አፕል ዘግይቶ ተቀላቀለ። አይፎን ውስጥ ኤቪ1ን የሚከፍት ሃርድዌር የገባው በ2023 ነው፣ ያውም በ15 ፕሮ ብቻ። እኛ ጋ ርካሽ ስልክ ላይ እስኪደርስ ገና ነው።

የድሮ ሰው፦

ጣርማበር በደንብ አብራርቷል። ጠያቂው ግን «ማን ከማን ተጣላ» ካለ የፍላሽን ነገር ሳላነሳ አላልፍም።

ያሁን ልጆች አትደርሱበትም እንጂ አንድ ጊዜ የኢንተርኔት ቪዲዮ ማለት ፍላሽ ማለት ነበር፣ ብራውዘር ላይ ተጨምሮ የሚያጫውት ሶፍትዌር ነው። ዩቲዩብ ሲጀመር በፍላሽ ነበር። ጌሙ፣ ካርቱኑ፣ ብልጭ ድርግም የሚለው ማስታወቂያ ሁሉ በሱ ነው የሚሰራው። ባለቤቱ ማክሮሚዲያ ነበር፣ በ2005 አዶቤ ገዛው። ማይክሮሶፍት እንኳ ቀንቶ በ2007 ሲልቨርላይት የሚባል ተፎካካሪ አመጣ። በዚያው ዓመት አይፎን ወጣ፣ ፍላሽ የለውም።

ሰዉ ዛሬ ይገባል ነገ ይገባል ሲል ስቲቭ ጆብስ በኤፕሪል 2010 ረዘም ያለ ደብዳቤ ጽፎ አይገባም አለ። ባትሪ ይጨርሳል፣ ኮምፒውተር ያጨናግፋል፣ ለደህንነት አያስተማምንም፣ የተሰራው ለማውስ እንጂ ለጣት አይደለም፣ ደሞም የአንድ ካምፓኒ የግል ንብረት ነው አለ። የመጨረሻዋን የተናገረው አፕል መሆኑን ልብ በሉልኝ! ራሱ ስንት የግል ነገር የታቀፈ ካምፓኒ።

ዋናው ጉዳይ ግን ባትሪው አይመስለኝም። ፍላሽ ገብቶ ቢሆን ኖሮ አፕ የሚሰራው ሰው አንዴ ሰርቶ በሁሉም ስልክ ያወጣው ነበር። ታዲያ አይፎን ከሌላው በምን ይለያል? አፕ ስቶርስ 30 ፐርሰንቱን ከማን ይቆርጣል? ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት በዚያው ወር ውስጥ አፕል የአፕ ሰሪዎችን ውል ቀይሮ በፍላሽ ተሰርቶ ወደ አይፎን የሚገለበጥ አፕ ከልክሏል። አዶቤ ለዚሁ ሥራ ያዘጋጀውን መሣሪያ ሊያስተዋውቅ ቀናት ሲቀሩት ማለት ነው። በሴፕቴምበር ክልከላውን አላላው፣ ግን ማን ያምነዋል ከዛ በኋላ።

ጉግልስ ምን አለ? ጉግልና ስልክ ሰሪዎቹ «እኛ ጋ ፍላሽ አለ» ብለው ነገዱበት። በ2010 አንድሮይድ 2.2 ሲወጣ ትልቁ ወሬ እሱ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ስልክ ላይ ፍላሽ አስጠሊታ ነበር። ይጎተታል፣ ስልኩን ያግለዋል። አዶቤ ለየፕሮሰሰሩ፣ ለየስልኩ፣ ለየብራውዘሩ እየለካ ማስተካከል ነበረበት፣ ስልክ ሰሪው ደሞ አዲስ ሞዴል ማውጣቱን አያቆምም። በኖቬምበር 2011 የሞባይሉን ሥራ ተወው። በኦገስት 2012 ከጉግል ፕሌይ ወረደ። ኮምፒውተር ላይ እየተንፏቀቀ እስከ 2020 መጨረሻ ቆየ። ሲልቨርላይትማ በ2021 ድጋፉ ሲቆም ያለቀሰለትም የለ።

በሌላ ሰው ስልክ ላይ ተጠግቶ የሚኖር ሶፍትዌር እጣው ይሄ ነው። ባለቤቱ ውጣ ካለው ይወጣል።

ብርዱ በዛ፦

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና ግማሹን ነው የነገሩን። ሶፍትዌሩም ስልኩን ይገድላል እኮ።

አይፎን በ2007 ያለ ፍላሽ እንዴት ተረፈ? ዩቲዩብ ስለተባበረው ነው። ለአይፎን ብሎ ቪዲዮዎቹን ወደ ኤች.264 መገልበጥ ጀመረ፣ የዩቲዩብ አፕ ስልኩ ላይ ተጭኖ መጣ። ዩቲዩብ ያኔ እምቢ ቢል የአፕል ጉራ የት ይደርስ ነበር? በኋላ ተኮራረፉና በ2012 አይኦኤስ 6 ላይ አፕል ያንን አፕ አወጣው፣ የሆነውስ ምንድን ነው፣ የዩቲዩብ ባለቤት ጉግል የራሱን አፕ አፕ ስቶር ላይ አስገባና ሰዉ ወዲያው አወረደው። አሸናፊው ማን ነው?

ከዚህ የባሰው ዊንዶውስ ፎን ነው። ኖኪያ በ2011 ሲምቢያን የሚባለውን የራሱን የስልክ ሲስተም ትቶ ወደ ማይክሮሶፍቱ ዊንዶውስ ፎን ገባ። ስልኮቹ ቆንጆዎች ነበሩ፣ ካሜራቸው ለብቻው። ግን ጉግል ለዊንዶውስ ፎን ዩቲዩብ አልሰራም። ማይክሮሶፍት በ2013 ራሱ ሰርቶ አወጣ፣ ማስታወቂያ የማያሳይ ቪዲዮ የሚያወርድ አድርጎ (እዚህ ላይ ማይክሮሶፍትም አበዛው)። ጉግል አስወረደው። አስተካክሎ ሲመልሰው በኦገስት ድጋሚ ዘጋበት። ኢንስታግራም የመጣው ዘግይቶ ነው፣ ስናፕቻት ጭራሽ አልመጣም። በ2014 የኖኪያ ስልክ ክፍል ለማይክሮሶፍት ተሸጠ፣ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየ።

ሁዋዌንም እዩት። በ2019 አሜሪካ ገደብ ስትጥልበት አዳዲስ ስልኮቹ የጉግልን አፖች መያዝ አቆሙ። ካሜራው ያው አሪፍ፣ ፕሮሰሰሩ ያው ፈጣን። ቻይና ውስጥ ብዙም አልጎዳውም፣ እዛ ድሮም ጉግል የለም። ከቻይና ውጭ ግን ያለ ዩቲዩብና ፕሌይ ስቶር ማን ይገዛዋል? ሃርመኒ ኦኤስ የሚባለውን የራሱን ሲስተም ይዞ የወጣው በዚያው ዓመት ነው፣ ወዶ ብቻ አይደለም።

የድሮ ሰው፦

የዊንዶውስ ፎኑን እቀበላለሁ። ግን ዩቲዩብ ጉልበት ያገኘው ሶፍትዌር ስለሆነ ሳይሆን ባለቤቱ ጉግል የአንድሮይድም ባለቤት ስለሆነ ነው። አዶቤ የራሱ ስልክ ቢኖረው ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

ብርዱ በዛ፦

ማይክሮሶፍትም የራሱ ስልክ ነበረው እኮ ጋሼ 😄

የሞላሌዋ፦

እናንተ ካሊፎርኒያ ሄዳችሁ ቀራችሁ። ሰውየው የጠየቀው ስለ ደብረ ብርሃን ነው።

መንዝ ውስጥ ዞራችሁ የሰው እጅ ላይ ያለውን ስልክ ብታዩ ብዙው ቴክኖና አይቴል ነው፣ ወጣቱ ጋ ኢንፊኒክስ ትጨመራለች። ሦስቱም የአንድ የቻይና ካምፓኒ ናቸው፣ ትራንሽን ይባላል፣ ከ2011 ጀምሮ እኛው አገር ይገጣጥማል። ይሄ ካምፓኒ ከአዶቤም ከአፕልም የተለየ ዘዴ ነው የተጠቀመው። በ2015 ቡምፕሌይ የሚባል የሙዚቃ አፕ ይዞ መጣና ስልኩ ላይ ጭኖ ይሸጠው ጀመር። ማንንም አልለመነ፣ ከማንም አልተጣላ። ስልኩን የገዛ ሁሉ አፑን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አፍሪካ ውስጥ ትልቅ የሙዚቃ መድረክ የሆነው እንዲህ ነው። አውሮፓ ውስጥ ቀድሞ ተጭኖ የሚመጣ አፕ ያስከስሳል፣ በ2018 ጉግልን ፕሌይ ስቶርን ከክሮምና ከሰርች ጋር አስራችሁ አስጭናችኋል ብለው 4.34 ቢሊዮን ዩሮ ቀጥተውታል። እኛ ጋ ማን ይጠይቃል? የተጫነውን ተቀብለን እንሄዳለን፣ አንዳንዱማ አይጠፋም፣ ቦታችንን ይዞ ይቀመጣል።

ደሞ አትርሱ፣ እዚህ ክልል የሞባይል ዳታ ተዘግቶ በከረመ ጊዜ ዩቲዩብም ቡምፕሌይም ቢኖርህ ባይኖርህ አንድ ነው። የሰዉ መድረክ ሚሞሪ ካርድ ነበር። እዛ ላይ ደሞ የሚወስነው ማጫወቻው ነው።

ስለዚህ ወንድሜ ወደ ድምፅ አልባው ፊልምህ ልምጣ። ደንበኞችህ ኤምኤክስ ፕሌየር ነው አይደል የሚጠቀሙት? እሱ በፈቃድ ክፍያ ምክንያት ዶልቢና ዲቲኤስ የሚባሉትን የድምፅ ዓይነቶች መክፈቻ ከውስጡ አውጥቶታል። ምስሉ የሚሄደው ድምፁ የሚጠፋው ለዛ ነው። ተጨማሪ ኮዴክ ለብቻው አውርደህ ልታስገባለት ትችላለህ፣ ግን ለእያንዳንዱ ደንበኛ ያንን ከምታደርግ ቪኤልሲን ጫንላቸው። ፈረንሳይ አገር ተማሪዎች የጀመሩት ነው፣ አሁንም ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት ነው ያለው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ የሰጠኸውን ሁሉ ይከፍታል። ኤፒኬውን (የመጫኛ ፋይሉን) ፍላሽ ዲስክህ ላይ አስቀምጠውና ያለ ዳታም ትጭንላቸዋለህ።

ሚሞሪ ጫኝ (ደብረ ብርሃን)፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። እህቴ የፊልሙ በትክክል እሱ ነው፣ ቪኤልሲ ላይ ሞከርኩት ድምፅ አለው። የሰርጉ ቪዲዮ ግን ቪኤልሲም ላይ ይንቀራፈፋል። ኮንቨርት ላድርገው? በምን? ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው፣ አንድ ሰርግ ሌሊቱን ሙሉ ሊፈጅብኝ ነው። አንዱ ደሞ በቴሌግራም አስልከው አለኝ።

ጣርማበር፦

ቴሌግራም አጭር ለሆነው ይሰራል። እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ቪዲዮ ከተላከ ራሱ አሳንሶ ወደ ኤች.264 ይቀይረዋል። ጥራቱ ይቀንሳል፣ ዳታም ይበላል። ለሙሉ ሰርግ አይሆንም።

ለሱ ሃንድብሬክ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ጫን። ቪዲዮውን ኤች.264፣ ድምፁን ኤኤሲ፣ መጠኑን 720 አርገው። ለትንሽ ስክሪን ከዛ በላይ ምንም አይጨምርም፣ ሥራውንም ያፈጥንልሃል። ማታ ሱቅ ስትዘጋ ለቀኸው ሂድ፣ መብራት ካልሄደ ጠዋት አልቆ ታገኘዋለህ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ሳይቀረጽ በፊት ነው። ሰርግ እንዳለ ከሰማህ ባለ አይፎኑን ዘመድ ቀድመህ ያዘው። ሴቲንግ ውስጥ ካሜራ የሚለው ጋ ገብቶ ፎርማቱን ከሁሉም ስልክ ጋር ወደሚስማማው ይቀይረው፣ ቪዲዮ መቅረጫው ጋ ደሞ ኤችዲአሩን ያጥፋው። ደቂቃ አይፈጅም። ፊታቸው የሚነጣብህ ሙሽሮች ጉዳይ በዚህ ያልቃል።

የድሮ ሰው፦

አንድ ነገር ልጨምር። የሚሞሪው ፎርማትም ጣጣ አለው። 64 ጊጋና ከዛ በላይ የሆነ ካርድ ብዙውን ጊዜ ኤክስፋት በሚባል ፎርማት ነው የሚመጣው። እሱም የማይክሮሶፍት ነው፣ ፓተንት ነበረበት፣ እስከ 2019 ድረስ ዝርዝሩን በይፋ ለሁሉም አልለቀቀውም ነበር። ርካሽ ስልኮች አንዳንዶቹ አያነቡትም፣ «ካርዱ ተበላሽቷል ፎርማት ይደረግ» ይሉሃል፣ ደንበኛው እሺን ከነካ ያለው ሁሉ ጠፋ። ፋት32 አርገህ ስጣቸው። ፋት32 ደሞ ከ4 ጊጋ የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ ስለዚህ ሰርጉን ለሁለት ለሦስት ቁረጠው፣ ቤተክርስቲያኑን ለብቻ፣ ግብዣውን ለብቻ፣ መልሱን ለብቻ። ለኮንቨርቱ ደሞ ዋጋ ጨምር ባክህ፣ በነፃ እንዳትሰራ።