ከሳተላይት ምስል የወጣ የወንዝ ዳር መስመር እንደ ደረጃ ተሰባብሮ ሲታይ፦ የደቻቱ ካርታ

ጠያቂ (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። የከተማችንን ሰፈሮች ከዚራንና መጋላን የሚለየውን የደቻቱን የአሸዋ መውረጃ ከሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል በክላሲፊኬሽን (ፒክስሎቹን በዓይነታቸው በመመደብ) ለይቼ፣ በኪውጂአይኤስ (የካርታ ሥራ ሶፍትዌር) ከራስተር (በፒክስል ከተሠራ ምስል) ወደ ፖሊጎን (በመስመር ወደታጠረ ቅርጽ) ቀይሬዋለሁ። ካርታው በ1:10,000 ታትሞ ለነዋሪዎች የሚቀርብ ነው፤ በዚህ መጠን አንድ ባለ 10 ሜትር ፒክስል በወረቀቱ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን የመውረጃው ዳር ከላይ እስከ ታች እንደ ደረጃ ተሰባብሮ ይታያል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰውን ጎርፍ የሚያስታውስ ሰው ይህን መስመር የሚያየው ቤቱ በየትኛው ወገን እንደሚውል ለማወቅ ስለሆነ፣ መስመሩ አምሮ ከቦታው እንዲሸሽ አልፈልግም።

ሲምፕሊፋይ የሚለውን መስመር ማቅለያ መሣሪያ ስጠቀም፣ ቶለራንሱን (መስመሩ ከቦታው እንዲሸሽ የሚፈቀደውን ርቀት) 1 ስሞላ ቅርጹ ፈጽሞ ይበላሻል፤ 0.001 ስሞላ ደግሞ የመውረጃው ጥምዞች ይቆረጣሉ። ስሙዝ የተባለው ማለስለሻ መሣሪያ ብቻውን ሲሠራ ደረጃዎቹ አይጠፉም፤ ጠርዛቸው ብቻ ይሞረዳል። በዚሁ መሣሪያ የቀበሌዎቹን ወሰን ለማቅለል ስሞክርም በአጎራባች ቀበሌዎች መካከል ክፍተትና መደራረብ ይፈጠራል። በየትኛው መሣሪያ፣ በምን ቅደም ተከተልና በምን ያህል መጠን ልሥራ?

መልስ፦ የዳሰሳ ባለሙያ (ሐረር)

በመጀመሪያ የሌየርዎን (የካርታ ንብርብርዎን) የመጋጠሚያ ሥርዓት፣ ማለትም ቦታዎቹ በምን መለኪያ እንደተመዘገቡ፣ ይመልከቱ። ቶለራንስ የሚለካው በሌየሩ መለኪያ ነው፤ ከሞሏቸው ቁጥሮች እንደምረዳው ሌየርዎ በዲግሪ ነው። አንድ ዲግሪ በኛ አካባቢ ወደ 110 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ፣ 1 ብሎ መሙላት ከድሬዳዋ እስከ ሐረር ያለውን ርቀት በእጥፍ የሚበልጥ ስህተትን መፍቀድ ነው። 0.001 እንኳ ከ100 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ሌየሩን ወደ ሜትር ይቀይሩት። የድሬዳዋ ከተማ በዩቲኤም (ምድርን በዞን ከፍሎ በሜትር የሚለካ ሥርዓት) ዞን 37 ሰሜን ውስጥ ስለምትገኝ የሥርዓቱ መለያ ቁጥር ኢፒኤስጂ 32637 ይስማማታል። 42ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ በሁለቱ ከተሞች መካከል ስለሚያልፍ ሐረር በዞን 38 ትወድቃለች፤ ከሐረር የተላከልዎትን ውሂብ ከራስዎ ጋር ከማዋሃድዎ በፊት ሁለቱን ወደ አንድ ዞን ማምጣት አይዘንጉ።

መልስ፦ የርቀት ቅኝት መምህር

ከላይ በተሰጠው መልስ ላይ የምጨምረው የመጠኑን ምክንያት ነው፤ ቶለራንስ በግምት የሚሞላ ቁጥር መሆን የለበትምና። በኪውጂአይኤስ ሲምፕሊፋይ ውስጥ በቅድሚያ ተመርጦ የሚገኘው ዳግላስና ፖይከር በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ዘዴ ነው። ዘዴው የመስመሩን ሁለት ጫፎች በቀጥታ ካገናኘ በኋላ ከዚያ ቀጥታ መስመር በጣም የራቀውን ነጥብ ይፈልጋል፤ ርቀቱ ከቶለራንሱ ካነሰ በመካከል ያሉትን ነጥቦች በሙሉ ይጥላል፣ ከበለጠ ግን ነጥቡን ይዞ በሁለቱም ወገን ፍለጋውን ይቀጥላል። አሁን ይህን በእርስዎ ደረጃዎች ላይ ያስቡት። በ45 ዲግሪ ያዘነበለ ዳር ባለ 10 ሜትር ፒክስል ሲሳል፣ የደረጃው ውጫዊና ውስጣዊ ማዕዘኖች እርስ በርስ በ7 ሜትር አካባቢ ይራራቃሉ፤ ዳሩ ወደ አግድም ወይም ወደ ቁልቁል በተጠጋ ቁጥር ይህ ርቀት ወደ 10 ሜትር ይቀርባል። ስለዚህ 10 ሜትር፣ ማለትም የአንድ ፒክስል ስፋት፣ ደረጃውን ጠርጎ የመውረጃውን እውነተኛ መታጠፊያ የሚተው መጠን ነው። 5 ሜትር ቢሞሉ ደረጃዎቹ ይቀራሉ፤ 30 ሜትር ቢሞሉ ደግሞ ከደረጃው አልፈው የወንዙን ቅርጽ ራሱን መቁረጥ ይጀምራሉ።

ስሙዝ ከዚህ በኋላ ይመጣል። መሣሪያው እያንዳንዱን ማዕዘን በግራና በቀኝ ካለው ቁራጭ ሩብ ላይ እየቆረጠ ስለሚሄድ፣ ደረጃውን በነበረበት ትቶ ጠርዙን ማለስለሱ የሚጠበቅ ነው። በእያንዳንዱ ዙር የነጥቦቹ ብዛት በእጥፍ ያህል ይጨምራል፤ በሦስት ዙር ስምንት እጥፍ ስለሚደርስ ከሁለት ዙር በላይ አያስፈልግዎትም። ለእርስዎ ዓላማ ከባድ የሆነው ነገር ግን ይህ ነው፦ ስሙዝ ወደ ውጭ የወጣውን ማዕዘን ወደ ውስጥ ስለሚስበው፣ የመውረጃው ስለታም መታጠፊያዎች በጥቂት ሜትር ይጠባሉ። ቤቶች በተጠጉበት ዳር ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከሥራው በኋላ የመጀመሪያውን ፖሊጎን ከሥር በሌላ ቀለም አድርገው፣ አዲሱ መስመር ከአንድ ፒክስል በላይ የሸሸበትን ቦታ በዓይን ይፈትሹ፤ ካገኙም በዚያ ቦታ መስመሩን በእጅ ይመልሱት። ፖሊጎን ከማውጣትዎ በፊት ራስተሩን በሲቭ (ትንንሽ የፒክስል ስብስቦችን በሚያጣራ መሣሪያ) ማጽዳትም ተነጥለው የቀሩ ፒክስሎችን ስለሚያስወግድ ድካም ይቀንሳል።

መልስ፦ የዳሰሳ ባለሙያ (ሐረር)

የቀበሌዎቹን ጉዳይ ለብቻ ላንሳው። ሲምፕሊፋይ እያንዳንዱን ፖሊጎን ለየብቻው ነው የሚያቀልለው። ሁለት ጎረቤት ቀበሌዎች አንዱን ወሰን ቢጋሩም የፖሊጎኖቻቸው መነሻ ነጥብ ስለሚለያይ፣ በአንዱ የተያዘው ነጥብ በሌላው ይጣላል፤ ክፍተቱና መደራረቡ የሚመጣው ከዚህ ነው። የጋራ ወሰንን እንደ አንድ መስመር የሚቆጥር መሣሪያ ያስፈልጋል፤ በግራስ ሶፍትዌር ውስጥ ያለው ቪ.ጀነራላይዝ ወይም ማፕሼፐር የተባለው ሶፍትዌር ይህን ያደርጋሉ። ይሁንና የእኔ አቋም የቀበሌ ወሰን ለእይታ በሚዘጋጅ ቅጂ ላይ ካልሆነ በቀር መነካት የለበትም የሚል ነው። የደቻቱ ደረጃ የመጣው ከፒክስሉ ነው፤ የወሰን ማዕዘን ግን ሰዎች ተስማምተው ያስቀመጡት ነጥብ ነው። በጀጎል ግንብ ሥራም የምንከተለው ይህንኑ ነው፤ በበሮቹ አካባቢ ያሉትን ማዕዘኖች ማለስለስ ግንቡ በሌለበት ቦታ እንዳለ አድርጎ ማሳየት ይሆናል።

ጠያቂ (ድሬዳዋ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሌየሩን ወደ ዞን 37 ቀይሬ ቶለራንሱን 10 ሜትር ሳደርግ ደረጃዎቹ ጠፍተዋል፤ ስሙዝን በአንድ ዙር ብቻ ጨምሬያለሁ። በመጋላ በኩል አንድ ስለታም መታጠፊያ ወደ ውስጥ ተስቦ ስላገኘሁት በእጅ መልሼዋለሁ። የቀበሌዎቹን ወሰን እንደነበረ ትቼዋለሁ። ይሁንና መውረጃው በአንዳንድ ቦታ የቀበሌ ወሰንም ስለሆነ፣ ለስልሶ የወጣው ዳርና ያልተነካው ወሰን በካርታው ላይ ጎን ለጎን ሁለት መስመር ሆነው ይታያሉ። ይህስ እንዴት ይፈታል?

መልስ፦ የርቀት ቅኝት መምህር

በሕጋዊ ሰነዱ ላይ ወሰኑ የወንዙ መካከል ወይም ዳር ተብሎ ቢጻፍም ሁለቱ መስመሮች የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ሁለቱም ይቆዩ፤ ወሰኑን በቁርጥራጭ መስመር፣ የመውረጃውን ዳር በቀለም ሙሌት ብቻ ያለ ጠርዝ መስመር ይሳሉት። እንዲህ ሲሆን አንባቢው ሁለት የሚጋጩ ወሰኖች ያሉ አይመስለውም፤ እርስዎም አንዱን ወደ ሌላው ለመሳብ አይገደዱም።