የጀልባ ሞተር ነዳጅ ፓምፕ፦ ወደ ኤሌክትሪክ ልቀይረው ወይስ ሜካኒካሉን ላቆየው?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ አማክሩኝ። የጀልባዬ ሞተር ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) የቤንዚን ሞተር ነው፤ ፓምፑም በካምሻፍት፣ ማለትም የሞተሩን ቫልቮች በሚከፍተው ዘንግ፣ የሚሠራው ሜካኒካሉ ነው። ጠዋት ወዲያው ይነሳል። ሞቆ ካጠፋሁት በኋላ ግን ቁልፉን ባዞር ባዞር እምቢ ይላል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ቤንዚኑ ከሙቀቱ የተነሳ ፓምፑ ውስጥ የሚተን ይመስለኛል። ፊልትሮው አዲስ ነው። ከነዳጅ መስመሩ ሌላ፣ ከፓምፑ ወደ ካርቡሬተሩ የምትሄደው ፍሳሽ ማሳያ ግልጽ ቀጭን ቱቦም ደረቅ ናት፤ ዲያፍራሙ (ፓምፑ ውስጥ ቤንዚኑን የሚገፋው ስስ ሽፋን) ቢቀደድ ኖሮ ቤንዚን ይታይባት ነበር።

መካኒኩ «ኤሌክትሪክ ግጠምበትና ተገላገል» ይለኛል። እኔን የሚያስፈራኝ እሳት ነው። ሜካኒካሉ ሞተሩ ሲቆም አብሮ ይቆማል። ኤሌክትሪኩ ግን የሞተሩ ዘይት ግፊት ሲወድቅ ኃይሉን የሚቆርጥ ስዊች ከሌለው፣ ቁልፉ እስካልተዘጋ ድረስ ሞተሩ ጠፍቶም ይገፋል፤ ቱቦ ካፈሰሰ ቤንዚኑ በተዘጋው የሞተር ክፍል ውስጥ ይጠራቀማል። ባትሪ ሲደክም ወይም ሽቦ ሲዝግ ውሃ መሀል መቅረትም አለ። ቤተሰብ ይዤ ነው የምወጣው።

የቀየራችሁ ካላችሁ፣ ሲሞቅ ያለመነሳቱ ችግር ተፈታላችሁ? ሲነሳ የዘይት ግፊት ገና ስለሌለ፣ ፓምፑ ለዚያች ቅጽበት ኃይል የሚያገኘው ከማስነሻው መስመር ነው? ካርቡሬተሩ ከ4 እስከ 7 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ) ብቻ ስለሚፈልግ፣ የግፊት መቀነሻስ ጨምራችኋል?