ለኮንሰርት ዘጠኝ ሰዓት ነድተን ሄደን፣ ሌሊቱን እንመለስ ወይስ እንደር?

የባስ ወዳጅ፦
ሰላም እንደምን ናችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፤ ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ አብረን እየሰማነው ያደግነው ባንድ ኮንሰርት ሊያቀርብ ነው። ቦታው ሩቅ ነው፣ በመኪና ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይወስዳል። አምስት ነን፤ ሦስት ሴት፣ ሁለት ወንድ። ትኬቱን ቆርጠናል። መኪናዋ የአንዷ ጓደኛችን ናት፤ መንጃ ፈቃድ ያለንም እሷና እኔ ብቻ ነን። ባለመኪናዋ ደግሞ ባንዱን ይህን ያህልም አትወደውም። ለእኛ ብላ ነው የምትሄደው። አዲስ ዘፈን ሲጀምር “ይሄ ቅድም የሰማነው አይደለም እንዴ?” የምትል ሰው ናት፣ ከዚህ በላይ አላስረዳችሁም።

አሁን ጭቅጭቁ። ኮንሰርቱ የሚያልቀው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አካባቢ ነው። ሁለቱ ወንዶች “በዚያው እንነሳ፣ ሌሊት መንገዱ ባዶ ነው፣ ጠዋት በየሥራችን እንገባለን፣ ለአልጋ የምናወጣውም ይተርፈናል” ይላሉ። አንዷ ጓደኛችን ደግሞ ካልታደረ አልሄድም ብላለች። እኔ መሃል ላይ ነኝ። ከኮንሰርት ስወጣ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የሚባል አይነካኝም፣ ስለዚህ የምነዳ ይመስለኛል።

ሁለተኛው የነዳጅ ነገር ነው። ባለመኪናዋ ከነዳጁ ትካፈል ወይስ አትካፈል? አንደኛው “ወጪ ለአምስት ነው፣ አለቀ” ይላል። ሌላኛዋ “መኪናው የሷ፣ ድካሙ የሷ፣ ባንዱ የኛ፤ ምን በወጣት!” ትላለች። ባለጉዳይዋ እራሷ ዝም ብላለች፤ ዝምታዋ ደግሞ አልጣመኝም።

ሦስተኛው የእኔ ብቻ ጥያቄ ነው። የት ብቆም ነው ባሱ በደንብ የሚሰማኝ? ሰው ለዘፋኙ ይሄዳል፣ እኔ የምሄደው ለባስ ጊታሩ ነው።

የሌሊት ሹፌር፦
ልጄ፣ እደሩ። እንጀራዬ መንዳት ስለሆነ ምክንያቱን ልንገርሽ።

የሰው ሰውነት በቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ይዝላል። አንዱ ከሰዓት በኋላ ነው፣ እሱ ቀላል ነው። ዋናው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እስከ ንጋት አስራ ሁለት ያለው ነው። ኮንሰርቱ ስድስት ሰዓት ላይ አለቀ በይ። ያን ሁሉ ሕዝብ ይዞ ከመኪና ማቆሚያው እስክትወጡ ምናልባት አንድ ሰዓት ሊሄድ ይችላል። ከከተማው ብቅ ስትሉ ያ ክፉ ሰዓት ይቀበላችኋል፣ እስኪነጋም አብሯችሁ ነው። በዚያ ላይ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ የነቃ ሰው ሌሊት ስድስት ሲሆን 18 ሰዓት አልተኛም። 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው መሪ ሲይዝ፣ ንቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው መሆኑ ተለክቷል። 24 ሰዓት ሲሞላው ወደ 0.10 ይጠጋል። በብዙ አገር 0.05 ላይ ከተገኘሽ መንጃ ፈቃድሽን ይዘው ነው የሚያወሩሽ። አንድ ጠብታ ሳትቀምሱ ሰክራችሁ ልትነዱ ነው ማለት ነው።

“እንቅልፍ አይነካኝም” ያልሽው እውነት ነው፣ ግን ብዙ አይቆይም። ከዚያ ሲመጣ አስፈቅዶ አይመጣም። ዓይን እንደተከፈተ አንጎል ሦስት አራት ሰከንድ ይዘጋል፣ ሹፌሩም መተኛቱን አያውቅም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትነጂ በአንዷ ሰከንድ 28 ሜትር ትሄጃለሽ። አራት ሰከንድ ከ110 ሜትር በላይ ነው፣ ያለ ሹፌር። ምልክቱን ያዢ፤ አሁን ያለፍሽውን መታጠፊያ ማስታወስ ሲያቅትሽ፣ ጎማው የዳሩን መስመር ሲነካካ፣ ሳይታወቅሽ ፍጥነትሽ ከፍ ዝቅ ሲል። ያኔ መስኮት መክፈትና ሙዚቃ መጨመር ራስን ማታለል ነው። ዳር ይዞ ማቆም ብቻ ነው። ቡና ጠጥቶ ወዲያው ሃያ ደቂቃ ሸለብ ማድረግ ይረዳል፤ ቡናው ሥራውን የሚጀምረው ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ስለሆነ ስትነቂ ይደርስልሻል። እሱም ቢሆን ለቀረች አጭር መንገድ ነው እንጂ ዘጠኝ ሰዓት አያስነዳም።

ከኋላ የሚቀመጡት ደግሞ “እናጫውታችኋለን፣ አናስተኛችሁም” ይላሉ። ከተማው ከዓይን ሳይጠፋ ሦስቱም ያንኮራፋሉ። ስንቱን አይቻለሁ።

ኧረ ተዉ፦
ጋሼ ትንሽ አጋነኑት። እኛ ሌሊት ተመልሰን እናውቃለን፣ ምንም አልሆንንም። ሁለት ሹፌር አላቸው እኮ፣ እየተቀያየሩ ይነዳሉ።

የሌሊት ሹፌር፦
ወንድሜ፣ ሁለት ሹፌር የሚባለው አንዱ ሲነዳ ሌላው አስቀድሞ የተኛ ከሆነ ነው። ሁለቱም ማምሻውን አብረው ሲጨፍሩ ካመሹ፣ ያለህ አንድ ድካም በሁለት ወንበር ነው። ምንም አልሆንንም ያልከውን እግዚአብሔር ይመስገን በለው።

ኧረ ተዉ፦
እሺ፣ እንግዲያው ባለመኪናዋ ባንዱን ካልወደደችው ኮንሰርቱ ላይ መኪና ውስጥ ትተኛና ሌሊቱን እሷ ትንዳ። ተፈታ!

ሂሳብ ያዥ፦
ጓደኛህ ለአንተ ብላ መኪናዋን አውጥታ፣ ትኬት ገዝታ፣ ዘጠኝ ሰዓት ነድታ፣ አንተ ስትጨፍር እሷ ጨለማ ውስጥ ወንበር ዘርግታ ትተኛለች? ቅጥር ሹፌር እንኳ እንዲህ አይደረግም።

እህቴ፣ ነዳጁን እኔ ልመልስልሽ። እሷን ሳይጨምር ለአራት ተካፈሉት። መኪና የሚበላው ነዳጅ ብቻ አይደለም፤ ጎማው ይበላል፣ ዘይቱ ይሄዳል፣ የፍሬን ሸራው ያልቃል። ይህ ሁሉ የሚከፈለው ከእናንተ ጋር ሳትሆን፣ ከወራት በኋላ ብቻዋን ጋራዥ ቆማ ነው። ለአምስት መካፈል እኩል ይመስላል እንጂ እኩል አይደለም። አልጋውን ግን ለአምስት ተካፈሉት፣ አልጋ ላይ ሁላችሁም እኩል ናችሁ።

ገንዘቡን ከመነሳታችሁ በፊት ሰብስቢ። ከጉዞ ሲመለሱ የሚከፈል ገንዘብ ወዳጅ ያጣላል፣ በተለይ “ያኔ እኔ ከፍዬ አልነበር?” ማለት ሲጀመር። አንድ ሰው ይያዘው፣ ከዚያው እየወጣ ይከፈል። ዝም ያለችውንም “ትካፈያለሽ ወይ?” ብለሽ አትጠይቂያት፤ ይሉኝታ ይዟት “እካፈላለሁ” ነው የምትልሽ። “ለአራት ተካፍለናል” ብለሽ ንገሪያት።

ሚክሰር ጀርባ፦
ስለ መንገዱ ጋሼ ጨርሰውታል፣ እኔ ስለ ባሱ። የቀጥታ መድረክ ድምፅ ላይ ነው የምሠራው።

እንደገባሽ ሚክሰሩን፣ ማለት የድምፅ ማስተካከያ ጠረጴዛውን፣ ፈልጊ። ብዙ ጊዜ ከመድረኩ ፊት ለፊት ራቅ ብሎ መሃል ላይ በብረት አጥር ተከቦ ይቀመጣል። ባለሙያው ድምፁን የሚያስተካክለው እዚያ ቆሞ በሚሰማው ልክ ስለሆነ፣ እሱ የሚሰማውን መስማት ከፈለግሽ አጥሩን ተጠግተሽ ቁሚ። ግሬትፉል ዴድ የተባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ1984 ኮንሰርቱን በካሴት ለሚቀዱ አድናቂዎቹ የተለየ ቦታ ሲሰጥ፣ የሰጣቸው ከሚክሰሩ ጀርባ ነበር። ከመድረኩ ሥር ግን ትልልቆቹ ስፒከሮች ድምፁን ከራስሽ በላይ አሳልፈው ነው የሚልኩት። አንቺ የሚደርስሽ በቀጥታ ከመድረኩ የሚወጣው የከበሮና የጊታር አምፕሊፋየር ጩኸት ነው። ፊታቸውን ታያለሽ፣ ሙዚቃውን ግን አታገኚውም።

ባስ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር ሲመታ 41 ኸርዝ ገደማ ነው፣ ማለት በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፣ የሞገዱ ርዝመት ከስምንት ሜትር ይበልጣል። ሰብዉፈሮቹ፣ ማለት ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጡት ስፒከሮች፣ ብዙ ጊዜ በመድረኩ ግራና ቀኝ ነው የሚደረደሩት። ልክ መሃል ከቆምሽ የሁለቱም ድምፅ እኩል ደርሶ ይደመራል፤ ደረትሽ ውስጥ ይገባል። ወደ ጎን ፈቀቅ ስትዪ አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ይደርስና እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፣ አንዳንዱ ኖታ ጭራሽ ይጠፋል። ስለዚህ መሃል መስመሩን ይዘሽ፣ ከሚክሰሩ ፊት። በጣም ከበዛብሽ ጥቂት እርምጃ ወደ ጎን በቂ ነው። ሰው ወጥ ድምፅ ያለ ይመስለዋል፣ እዚያው ሜዳ ላይ ግን የሚሰማው እንደየቦታው ይለያያል።

ከኋላ ብዙ አትራቂ። ድምፅ በሰከንድ የሚሄደው 343 ሜትር ያህል ነው። 100 ሜትር ርቀሽ ከቆምሽ የከበሮ መቺው ዱላ ሲያርፍ ታዪና ድምፁ ከሩብ ሰከንድ በላይ ዘግይቶ ይመጣል። አንዴ ካስተዋልሽው ማታውን ሙሉ እሱን ስታዪ ታመሻለሽ።

ጆሮሽን ሸፍኚ፣ ይህን ቀላል አታድርጊው። 85 ዴሲቤል ድምፅ ለስምንት ሰዓት ይቻላል ይባላል። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ኮንሰርት ደግሞ ብዙ ጊዜ 100ን ያልፋል። የስፖንጁ የጆሮ መድፈኛ ቀጭኑን ድምፅ አብዝቶ ስለሚበላ ሙዚቃውን ያፍነዋል። ለሙዚቀኞች ተብሎ የሚሠራው ሁሉንም በእኩል ይቀንሳል፤ ባሱም ዘፋኙም በልካቸው ይቆያሉ። እኔ ያለ እሱ ሥራ አልገባም።

ሦስተኛ ረድፍ፦
ከእኔ አጭር አጭሯን። ትኬቱ ስልክ ላይ ከሆነ በር ላይ ኔትወርክ አትመኚ፣ ቀድመሽ ስልኩ ላይ ዋሌት የሚባለው የትኬት ማስቀመጫ መተግበሪያ ውስጥ አስገቢው። ባርኮዱ በየጥቂት ሰከንዱ የሚቀያየር ዓይነት ከሆነ ስክሪንሾት አያስገባሽም። ስትጠፋፉ አትደዋወሉ፤ ሕዝብ ሲበዛ ጥሪ እምቢ እያለ አጭር የጽሑፍ መልእክት ሊያልፍ ይችላል። መገናኛ ቦታ አስቀድማችሁ ተቃጠሩ፣ “መግቢያው ጋ” ግን አትበሉ፤ መግቢያው ብዙ ነው።

የሚያልቅበትን ሰዓት ለመገመት ደግሞ ሴትሊስት ኤፍኤም የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ግቢ። ባንዱ በዚሁ ጉዞው በሌሎች ከተሞች የተጫወታቸውን ዘፈኖች በቅደም ተከተል ታገኛለሽ። ብዙ ባንዶች በአንድ ዙር ዝርዝሩን እምብዛም አይለዋውጡትም።

የባስ ወዳጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የጻፉትን በቡድናችን ላኩትና ቤቱ ጸጥ አለ። ከወንዶቹ አንዱ ለማግስቱ ፈቃድ ጠይቋል። ሌላኛው ገና እያጉረመረመ ነው፤ “ከኋላ ያንኮራፋሉ” ያሉት ላይ ሲደርስ ግን ሌሎቹ ስሙን ጠርተው ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። እናድራለን፣ አልጋ ይዘናል።

ለባለመኪናዋ እንደተመከርኩት አልጠየቅኳትም፣ ነገርኳት። “ጥሩ፣ ግን ስንሄድ የሚከፈተውን ሙዚቃ እኔ ነኝ የምመርጠው” አለች። እንግዲህ እሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ምን እንደምትሰማ አውቃለሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ!

የዘፈን ዝርዝሩን ግን አላየውም። የምጠብቃት ዘፈን አለች። እንደሌለችበት ካወቅኩ መንገዱ ይረዝምብኛል።

የሌሊት ሹፌር፦
ጎበዝ። ስንት ሰዓት ነው የምትነሱት? ከሰዓት በኋላም አንድ ድካም አለ ብያለሁ፣ እንዳትረሺው። በየሁለት ሰዓቱ ውረዱ፣ ተቀያየሩ። የጎማውንም ነፋስ ሳትነሱ፣ ጎማው ገና ቀዝቃዛ እያለ ይለካ፤ ነድታችሁ ከሞቀ በኋላ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ያታልላችኋል። አምስት ሰውና ዕቃ ሲጫን የሚሞላው ልክ ብዙ ጊዜ በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተለጥፏል፤ እሱን እዩት።

የባስ ወዳጅ፦
ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ላይ። የመጀመሪያውን ሁለት ሰዓት እሷ፣ ቀጥሎ እኔ። ከሰዓት በኋላ ያለውን ማን እንደሚይዘው አሁን በቡድናችን እየተነጋገርንበት ነው፤ የሚከራከሩት ደግሞ መንጃ ፈቃድ የሌላቸው ናቸው።