አብራሪው ድንገት ቢታመምስ? የእህቴ ልጅ ነገርም አሳስቦኛል

የሐረጎ ሹፌር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከኮምቦልቻ ደሴ ሚኒባስ እሠራለሁ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት በቀን አራት አምስቴ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። በረመዳን አንድ ቀን መታጠፊያው ላይ ዓይኔ ብዥ አለብኝ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ተሳፋሪው አጉረመረመ፤ አንዲት እናት ብቻ «ልጄ፣ ፊትህን ታጠብ» ብለው ውሃ ሰጡኝ።

ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ኤርፖርት ወደ አዲስ አበባ ልበር ነው፤ የመጀመሪያዬ ነው። አብራሪው ብዥ ቢልበት የት ዳር ይይዛል? ደግሞ የምጠይቀው የእህቴ ልጅ አብራሪነት እየተማረ ነው። አባቱ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። «አጎቴ፣ ለማንም እንዳትናገር፣ ሜዲካሉን፣ የአብራሪ ጤና ማረጋገጫውን፣ እከለከላለሁ» አለኝ። ምን ልበለው?

ቦርከና ማዶ፦
ወንድሜ፣ ስለ በረራው አይስጉ። የበረራ አስተናጋጅ ነበርኩ። ሁለት አብራሪ የሚቀመጠው ለዚሁ ነው። አንዱ ሁለቴ ተጠርቶ በወጉ ካልመለሰ ሌላው ይረከባል፤ መሬት ላይ ባለ የበረራ መለማመጃ ማሽን (ሲሙሌተር) ይለማመዱታል። አብራሪን አየር ላይ ከሚጥሉት ዋነኛው፣ ይሳቁ እንጂ፣ የሆድ ነገር ነው። እኔ ራሴ «ዓሣው ለካፒቴኑ፣ ዶሮው ለረዳቱ» እያልኩ ነበር የማድለው፤ አንድ ምግብ ሁለቱንም እንዳይጥላቸው።

በ1982 ዓ.ም. የአንድ ብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን የፊት መስታወት አየር ላይ ተገንጥሎ ካፒቴኑ በግማሽ አካሉ ውጭ ተንጠልጥሎ ነበር። አስተናጋጆች እግሩን ይዘው፣ ረዳቱ ሳውዝሃምፕተን አሳረፈው። ካፒቴኑም ተርፏል።

ነርሷ ከደሴ፦
እኔን የያዘኝ የልጁ ነገር ነው። መጋቢት 15 ቀን 2007 ዓ.ም. ጀርመንዊንግስ የተባለው የጀርመን አየር መንገድ ረዳት አብራሪ፣ ካፒቴኑ ወጣ ሲል በሩን ቆልፎበት አውሮፕላኑን ከአልፕስ ተራራ ጋር አላተመው። 150 ሰው አለቀ። «ሥራ አይግባ» የሚል የሐኪም ወረቀት ተቀዳዶ ቤቱ ተገኘ። ለመሥሪያ ቤቱ አልተናገረም ነበር።

እንዲህ ያለው ብርቅ ነው፤ ያዘነ ሁሉ አደገኛ አይደለም። ችግሩ መደበቁ ነው። ከዚያ ወዲህ አውሮፓ ውስጥ አብራሪ ለሙያ ባልደረባው የሚተነፍስበት የድጋፍ ፕሮግራም ግዴታ ሆኗል። አሜሪካም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ አንዳንድ የድብርት መድኃኒት የሚወስዱ አብራሪዎች በክትትል እንዲበሩ ትፈቅዳለች። ልጁ ራሱ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ብቻ የእንቅልፍ ኪኒን በራሱ ገዝቶ እንዳይውጥ።

የሐረጎ ሹፌር፦
ደወልኩለት። የሐረጎዋን ነገር ነገርኩት፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ዝም አለ፣ ከዚያ አለቀሰ። ሰኞ አብረን ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን።

እህቴ፣ የኮምቦልቻው በረራ ላይ ግን ዶሮ አለ እንዴ?