አባቴ ያዜማል፣ «ውሃ» ማለት ግን አቃተው

እባካችሁ ልምድ ያላችሁ እርዱኝ። አባቴን ከአራት ወር በፊት ስትሮክ መታው፣ በግራ አንጎሉ። እግሩ ደህና ነው፤ ከዘራ ይዞ ከአራት ኪሎ ቤታችን ሥላሴ ድረስ ይሄዳል። ንግግሩ ግን የለም። ትናንት ባዶ ብርጭቆ እያሳየኝ «ያ... ያ...» ሲል ቆይቶ በንዴት ጠረጴዛውን መታው። እሁድ ቅዳሴ ላይ ደግሞ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»ን ከሕዝቡ ጋር አንዲት ቃል ሳይስት አዜመ! እናቴ ተአምር ነው አለች፤ እኔም ልከራከራት አልደፈርኩም።

እንዳነበብኩት ከሆነ ቋንቋ በአብዛኛው ሰው ዘንድ የግራ አንጎል ሥራ ነው፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ብሮካ በ1860ዎቹ (በፈረንጅ) ያሳየው ይህንኑ ነው። ዜማና በቃል የተያዘ ጸሎት ግን ሊተርፍ ይችላል። ለዚህም ቃሉን እያዜሙ፣ በግራ እጅ ምት እየመቱ የማለማመድ ዘዴ አለ።

የሄድንበት ሐኪም «ሦስት ወር ካለፈ በቃ» ብሎ ሸኘን። መሻሻሉ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይፈጥናል እንጂ በዚያ አያበቃም አይደል?

«ውሃ ስጡኝ»ን በምን ዜማ ልጀምርለት? ማጥበቅና ማላላቱስ አይበላሽበትም? ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ አካባቢ በአማርኛ የሚሠራ የንግግር ቴራፒስት የምታውቁ ጠቁሙኝ።