ወርቃማ ጥለት ፊቴን ያደበዝዘዋል፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ ነው ያለሁት። የአክስቴ ልጅ ልታገባ ነው፣ እኔ ሚዜ ነኝ፣ የቀለም ነገር ግን ግራ አጋብቶኛል።

ጠይም ነኝ። ቆዳዬ ከስሩ ወደ ሮዝና ሰማያዊ የሚያደላ፣ ቀዝቃዛ የሚሉት ዓይነት ነው። ይህን ለመለየት የክንድሽን ደም ስር ቀለም እይ ይላሉ፤ እኔ ላይ ምኑም አይታይም። ይልቅ የብር ሀብል ሳደርግ ፊቴ ይፈካል፣ በወርቅ ይደበዝዛል። ሰናፍጭ ቢጫማ ጭራሽ የታመምኩ ያስመስለኛል።

ሙሽሪት ደግሞ የሚዜዎች ቀሚስ ጥለቱ ወርቃማና ብርቱካናማ ካልሆነ ብላለች። ብርማ ከወይን ጠጅ ጋር ይሁን ብላት «ሰርግ ነው ለቅሶ?» አለችኝ። እሷን መጋፈጥ አይታሰብም! ጥለቱ ደረቴ ላይ መሆኑ ቀርቶ ከታች ጫፉ ላይ ብቻ ቢሆን ይሻል ይሆን? ነጠላውስ ንጹህ ነጭ ቢሆን ፊቴን ያወጣዋል?

ሌላው ፋውንዴሽን፣ ማለትም የቆዳ ቀለም ያለው የፊት ሜካፕ ነው። ሱቅ ውስጥ በአምፖል ልክ ይመስላል። ተቀብቼ ትንሽ ስቆይ ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል። ፎቶው ደግሞ ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ለጠይም የሚሸጠው ሁሉ ቢጫ የበዛበት ነው፤ ቀዝቃዛ ጠይም የለም ያለው ማነው? ፒያሳ አካባቢ ሌላ ያገኘች ካለች ትጠቁመኝ።

ሊፕስቲክ ላይ የቀይ ስር ዓይነት ቀይ እንደሚሆነኝ አውቃለሁ። ከወርቃማው ጥለት ጋር ይጣላ ይሆን?

ሸማኔው የክሩን ቀለም እስከ ቅዳሜ ወስኑልኝ ብሏል። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።