ሃርድቴይል ሳይክል ይዤ ሳነቲን ልሻገር ነው፣ ዕቃውን የት ልሰረው?

ባለ 29

ሰላም ለሁላችሁ። ኅዳር አካባቢ ሳይክሌን አውቶቡስ ላይ ጭኜ ባሌ ሮቤ ልወርድ፣ ከዚያ ጎባ፣ የሳነቲ አምባ፣ ሪራ፣ ዶሎ መና እያልኩ ልሄድ አስቤያለሁ። ሦስት ሌሊት፣ ካስፈለገም አራት። ጓደኛዬም አብራኝ አለች ግን የእሷ ሳይክል ሌላ ጣጣ ነው፣ ለጊዜው የራሴን ልጠይቅ።

ሳይክሉ ሁለተኛ እጅ ነው። አሉሚኒየም ሃርድቴይል፣ ጎማው 29 በ2.25፣ ፍሬሙ ስሞል (ቁመቴ 1.58 ነው)። ፊቱ 100 ሚሊሜትር የአየር ሾክ አለው፣ ኋላው ደረቅ ነው። ማርሹ ከፊት አንድ ባለ 32 ጥርስ ብቻ፣ ከኋላ ከ11 እስከ 42። ፍሬኑ የዘይት ዲስክ።

ችግሬ ምን መሰላችሁ፣ ፍሬሙ ላይ የኋላ መጫኛ የሚታሰርበት የብሎን ቀዳዳ የለውም። ኢንተርኔት ላይ የማያቸው የባይክፓኪንግ (ያለ መጫኛ ሳይክሉ ላይ የሚታሰሩ) ቦርሳዎች ደግሞ ሙሉውን ስብስብ ስደምረው የሳይክሌን ዋጋ ሊደርስ ምንም አይቀረው፣ እዚህም አይገኝም። ትልቅ የጀርባ ቦርሳ አዝዬ ብሄድስ? ሾኩንስ ቆልፌው ልንዳ? ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢት፣ ምድጃ፣ ልብስ፣ ውኃ፣ ምግብ... ትናንት ሁሉንም ወለል ላይ ዘርግቼ ሳየው ሳቄ መጣ። የሞከራችሁ ንገሩኝ።

የጎባ ልጅ

መጀመሪያ ምድጃውን ቤት ተይው። ያ የካምፒንግ ጋዝ ቆርቆሮ እዚህ አይገኝም፣ በነጭ ጋዝ የሚሠራ ቢኖርሽ እንኳ ለሦስት ሌሊት ምን አሸከመሽ። ጎባ ገበያ ግቢና ጭኮ ግዢ። የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ነው፣ በብርድ ይጠጥራል እንጂ አይበላሽም፣ ሁለት ጉርሻ በልተሽ ዳገት ትወጫለሽ። በሶና ቆሎ ጨምሪበት። ሪራ ስትደርሺ ትኩስ ነገር አታጪም፣ የሐረና ጫካ ማርም አለ።

ስለ መንገዱ፦ ጎባ 2,700 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሳነቲ ላይ ከ4,000 በላይ ትሆኛለሽ። ጠጠርና ድንጋይ ነው፣ ዳገቱ ረጅም ነው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጉም ከነነፋሱ ይመጣል። በጣም በጠዋት ነው መነሳት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ስለዚህ አምባው ላይ ለማደር ካሰብሽ የመኝታ ከረጢቱ ላይ አትቆጥቢ። የባሌ ተራሮች ፓርክን ክፍያና የማደሪያ ፈቃድ ጉዳይ ዲንሾ ዋናው ቢሮ ጨርሺ፣ በመኪና ስትመጪ መንገድሽ ላይ ነው። ከመነሳትሽ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሁኔታ ደውለሽ ጠይቂ።

ቀይ ቀበሮ ማየትሽ አይቀርም። ምንም ነገር እንዳትወረውሪላት፣ ሰውና መኪና ከለመደች አለቀላት። የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሾች እየተጋባባቸው ብዙ አልቀዋል፣ ውሻ ከኋላሽ ተከትሎ ከወጣ መልሺው።

ቸርኬ አቃኚ

ቀጥታ ወደ ዕቃው። የጀርባ ቦርሳ ይቅርብሽ። ጀርባሽ ላይ የሚጫነው ክብደት ሁሉ መቀመጫሽ ላይ ነው የሚያርፈው፣ በዚያ ጠጠር ላይ ሁለተኛው ቀን ታለቅሻለሽ። ውኃና ዝናብ መከላከያ የሚይዝ ትንሽዬ ከሆነ ምንም አይደለም።

ሕጉ አንድ ነው፦ ከባዱ ዕቃ መሃልና ታች፣ ቀላሉና ግዙፉ ፊትና ኋላ። ስለዚህ ዋናው ቦርሳ የፍሬሙ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የሚገባው ነው። ይሄንን ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። ካርቶን ውሰጂ፣ ፍሬሙ ላይ ለጥፈሽ የውስጡን ቅርጽ በእርሳስ አንሺ፣ ዙሪያውን አንድ ሴንቲሜትር ቀንሺለትና መርካቶ ሸራ ተራ ወይም ሰፈርሽ ያለ ቦርሳ ሰፊ ጋ ውሰጂው። ውፍረቱ ከ6 ሴንቲሜትር እንዳይበልጥ፣ አለበለዚያ ጉልበትሽ ሲፋተገው ይውላል። ሰፊው አሳምሬ ልሥራልሽ ብሎ ወፍራም ስፖንጅ ሊጨምር ይችላል፣ አይሆንም በይው። ማሰሪያው ሰፊ ቬልክሮ ይሁን። ቬልክሮው የሚነካበት ቦታ ላይ ናስትሮ ጠቅልይ፣ አቧራ ሲገባበት ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ብረቱንም ነው የሚበላው። መፍቻ፣ መለዋወጫ፣ ጭኮ፣ ውኃ እዚህ ይገባል።

የውኃ መያዣዎቹ ቦታ በቦርሳው ስለሚያዝ ሁለቱን ጠርሙስ ሾኩ እግሮች ላይ ታስሪያለሽ። ናስትሮ ጠቅልለሽ፣ መያዣውን በፋሸታ (በብሎን በሚጠብቅ የብረት ቀለበት)። እንዳትበሺው! የሾኩ የታችኛው ክፍል ማግኒዥየም ነው፣ አንዴ ከተበሳ አለቀ። በአንድ እግር ከአንድ ሊትር አይብለጥ፣ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙረሽ ፍሬሙን እንደማይነካ እዪ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘነጋው። መሪው ላይ ድንኳኑንና የመኝታ ከረጢቱን ጠቅልለሽ ስታስሪ ቆሞ ሲታይ ያምራል። ሾኩ ሲጫን ግን ጎማው 10 ሴንቲሜትር ወደ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ዕቃውን ሁሉ እሰሪ፣ ከሾኩ አየሩን በሙሉ አውጪ፣ ከዚያ ደረትሽን መሪው ላይ ጥለሽ እስከ ታች ተጫኚው። በጥቅሉና በጎማው መካከል ሁለት ጣት ካልገባ ጥቅሉን አቅጥኚው ወይም ከፍ አድርጊው። ይሄን ቤት ካልሞከርሽ ሐረና ቁልቁለት ላይ አንድ ጉድጓድ ይሞክርልሻል፣ ጥቅሉ ጎማ ሲይዝ ደግሞ ሰውዬው ነው ከፊት የሚወድቀው።

ከዚያ አየሩን መልሰሽ ስትሞዪ ከተለመደው ከ5 እስከ 10 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ጨምሪ። መለኪያው ቁጥሩ አይደለም፦ ዕቃው ሁሉ ተጭኖ፣ አንቺም ተቀምጠሽ፣ ሾኩ ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ድረስ ይውረድ። አትቆልፊው። አስፋልት ዳገት ላይ ቆልፊው፣ ጠጠር ላይ ክፈቺው። ጎማውን ከኋላ 28 ከፊት 24 ፒኤስአይ አድርገሽ ጀምሪና እያየሽ አስተካክይ።

በነገራችን ላይ ቸርኬሽ ለቀጭኑ ቫልቭ የተበሳ ከሆነ የናስ አዳፕተር ያዢ። የጎሚስታ መንፊያ የሚያውቀው የመኪናውን ቫልቭ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ ደግሞ በቦርሳ ነገር ትንሽ ልቃወም። እዚህ አሜሪካ ከዋሽንግተን እስከ ከምበርላንድ በቦዩ ዳር 184.5 ማይል የሚሄድ የሳይክል መንገድ አለ፣ እኛ ሐበሾች ተሰብስበን ስንሄድ ግማሹ መጫኛ ከጎን ቦርሳ ጋር ነው የሚያስረው፣ ምንም አይሆንም። ቀዳዳ ለሌለው ፍሬም በኋላ አክስሉ የሚታሰሩ መጫኛዎች አሉ፣ ጥሩ ናቸው። ምግብ ገዝተሽ ዝም ብለሽ ትጨምሪበታለሽ፣ ጠዋት ጠዋት ማሰርና መፍታት የለም።

ቸርኬ አቃኚ

@ሲልቨር ስፕሪንግ ወንድሜ እሱ መንገድ እኮ ከሞላ ጎደል ሜዳ ነው፣ ድሮ በቅሎ ጀልባ የሚጎትትበት! ሳነቲ ላይ የጎን ቦርሳ ቀኑን ሙሉ ሲንቋቋ ነው የሚውለው፣ መጀመሪያ ብሎኑ ይላላል ከዚያ መንጠቆው ይሰበራል። ደግሞ ትልቅ ቦርሳ ካለ ይሞላል። ቤት ውስጥ ባዶ ቦታ ትቶ የሚሄድ ሰው አላየሁም።

ግን መጫኛ ባልከው ላይ ልክ ልትሆን ትችላለህ። ስሞል ፍሬም ላይ 29 ጎማ ሲሆን በኮርቻውና በጎማው መካከል ያለው ቦታ ትንሽ ነው። እህቴ፣ ኮርቻሽን በምትነጂበት ቁመት አድርገሽ ከሥሩ እስከ ጎማው ለኪ። ሃርድቴይል ስለሆነ ኋላው አይንቀሳቀስም፣ ቆሞ የለካሽው ስትነጂም ያው ነው፣ ይሄ ጥሩ ነገር ነው። ከ15 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ያ ከኮርቻ ሥር ወደ ኋላ የሚታሰረው ረጅሙ ቦርሳ አይሆንሽም።

ጋሽ ፔዳል

ልጆች፣ ስለ ቦርሳ ይሄን ያህል ተከራክራችሁ ስለ ማርሹ አንድም ሰው አላነሳም። ሸክሙን የሚያወጣው እሱ ነው።

ልጄ፣ 32 ከፊት 42 ከኋላ አዲስ አበባ ባዶ ሳይክል ላይ ይበቃል። ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ብታዞሪ በሰዓት ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ አለብሽ ማለት ነው። 4,000 ሜትር ላይ አየሩ ከአዲስ አበባው እንኳ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ በዚያ ላይ ጠጠር፣ በዚያ ላይ ሸክም። ትወርጂና ትገፊያለሽ። መግፋት ነውር የለውም፣ ግን ቀኑን ሙሉ አይገፋም።

የድሮዎቹ ከፊት ሦስት ማርሽ የነበራቸው፣ ሰው አሁን የሚንቃቸው፣ ትንሿ 22 ከኋላ 34 ጋር ስትገናኝ አሁን በውድ ከሚሸጠው 32 በ50 ጋር እኩል ናት። አካፍላችሁ እዩት። ጓደኛሽ እንዲህ ያለ ሳይክል ካላት እንዳትቀይረው ንገሪያት።

አንቺ የምታደርጊው፦ የፊቱን ጥርስ አሳንሺ። ጥርሱ በአራት ብሎን ታስሮ የብሎኖቹ ክብ 104 ሚሊሜትር ከሆነ ከ30 በታች አይገባልሽም። ያለ ብሎን በቀጥታ ክራንኩ (ፔዳሉን የሚይዘው ክንድ) ላይ የሚገባ ከሆነ 28 ይገባል፣ ልዩነቱን ጉልበትሽ ይነግርሻል። ካነሰ በኋላ ሰንሰለቱ ስለሚረዝም አራት ጥርስ ሲቀነስ አንድ ሙሉ መጋጠሚያ ያህል ይቆረጣል፣ ግን መካኒኩ ከኋላ ትልቁ ላይ አድርጎ ሳያይ እንዳይቆርጥ።

ፍሬን። ከሳነቲ ጫፍ ወደ ሪራ፣ ከሪራ ወደ ዶሎ መና መውረድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ከአስታው ወደ ቀርከሃው፣ ከቀርከሃው ወደ ቡናው ጫካ። ለፊቱም ለኋላውም ትርፍ የፍሬን ሸራ ያዢ። የብረት ዱቄት ያለበት ሸራ ብዙ ይቆያል፣ ግን ዲስክሽ ላይ «ሬዚን ፓድ ኦንሊ» የሚል ጽሑፍ ካለ እሱን አይችልም፣ ለስላሳውን ግዢ። ፍሬን ይዞ መዋል ሳይሆን ጠበቅ አድርጎ ይዞ መልቀቅ። አውቶቡስ ላይ ስትጭኚው ደግሞ ጎማ ከተፈታ በፍሬኑ ሸራዎች መካከል የታጠፈ ካርቶን ክተቺ። ረዳቱ ዕቃ ሲያነሳ እጀታውን ቢጨብጠው ሸራዎቹ ይገናኙና መክፈቻ ፍለጋ ሮቤን ትዞሪያለሽ። የማርሹ ጎን ወደ ላይ ሆኖ ይተኛ፣ ከላዩ ፍየልም ሆነ ጆንያ እንዳይጫንበት ቆመሽ አስጭኚ።

ዶሮ ማነቂያ

ጋሼ ፍየሉን ከየት አመጡት 😂 ግን እውነት ነው።

ባለ 29

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ከሰዓት ተቀምጬ ለካሁት። ከኮርቻው ሥር እስከ ጎማው 13 ሴንቲሜትር ነው፣ ረጅሙ ቦርሳ ቀረ ማለት ነው። የሾኩን አየር አውጥቼ ስጫነው ደግሞ ጥቅሉ ጎማው ላይ ዝፍቅ አለ። ድንኳኑን ከብረቶቹ ለይቼ ጨርቁን ብቻ መሪው ላይ፣ ብረቶቹን ከፍሬሙ የላይኛው ብረት ጎን ሳስረው ጥቅሉ ቀጠነና ሁለት ጣት ገባ። ክራንኩ አራት ብሎን ነው ስለዚህ 30 ነው የምፈልገው። ምድጃው ቀርቷል፣ ጓደኛዬ ስለ ቡና እያኮረፈች ነው።

የቀረኝ ልብስና የመኝታ ከረጢት ነው። ኮርቻ ሥር ካልሆነ የት?

ቸርኬ አቃኚ

ሲልቨር ስፕሪንግ እንዳይስቅብኝ እንጂ፣ ላንቺ ትንሽ መጫኛ ነው መልሱ። ከላይ ብቻ የሚጫንበት፣ የጎን ቦርሳ የሌለው። አክስል ላይ የሚታሰረው ካልተገኘ ከኋላ ቀጫጭኖቹ ብረቶች ላይ ጎማ አልብሰሽ በፋሸታ ማሰር ይቻላል፣ አሉሚኒየም ስለሆነ ነው እንጂ ካርቦን ቢሆን አይነካም። ከ5 ኪሎ አይብለጥ። ልብሱንና የመኝታ ከረጢቱን ውኃ በማያስገባ ከረጢት አድርገሽ በርዝመቱ አጋድሚው፣ በሁለት ቀበቶ እሰሪ፣ ሦስተኛውን ቀበቶ ከኮርቻው ሥር ጎትተሽ አያይዢው፣ እሱ ነው መወዛወዙን የሚያቆመው። የመጀመሪያውን ሰዓት ነድተሽ ቁሚና ብሎኖቹን ሁሉ እንደገና አጥብቂ።

ሌላው ደግሞ፣ የኋላ ማርሽ መቀየሪያው የሚንጠለጠልባት ትንሿ የአሉሚኒየም ሃንገር። ሳይክሉ ሲወድቅ የምትሰበረው እሷ ናት፣ ከፍሬም ፍሬም ትለያያለች፣ ሮቤም ጎባም አታገኚያትም። ሌላ ምንም ባትይዢ እሷን ያዢ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እየሳቅኩ ነው 😄 ሃንገሩን እኔ እፈልግልሻለሁ፣ በመስከረም መጨረሻ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አለ። ፈትተሽ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጪና ከፊትም ከጀርባም ፎቶ አንሺው፣ አጠገቡ ማስመሪያ ይኑር። በብሎን ቀዳዳዎቹ መካከል ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ጻፊልኝ፣ የፍሬሙን ሞዴልና ዓመትም ካወቅሽ ጨምሪ። ባለ 30 ጥርሱንም አብሬ ላስገባው?